ከኮልፌ የተሸኘው ሽጉጥ

ኮልፌ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣው አጠና ተራ ነው። ወይም "አስራ ስምንት! አስራ ስምንት!" የሚለው የታክሲ ረዳት ድምፅ። በ1962 ክረምት ግን እዚያው ሰፈር፣ ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ውስጥ፣ አንድ ቁመተ ረጅም ደቡብ አፍሪካዊ ጠበቃ ተኩስና ፈንጂ ይማሩ ነበር። 44 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ነበር የቀራቸው። (ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እጨምራለሁ።) ጠበቃው ኔልሰን ማንዴላ ነበሩ።

አሜሪካ የማንዴላንና የጓዶቻቸውን ስም ከአሸባሪነት ዝርዝሯ ለማውጣት ሕግ ያጸደቀችው በጁላይ 1 ቀን 2008 ነው። 90ኛ ልደታቸው ሊከበር 17 ቀን ሲቀረው ማለት ነው። የኖቤል የሰላም ሽልማት ከተቀበሉ 14 ዓመት ተኩል፣ ፕሬዚዳንት ከሆኑ 14 ዓመት አልፎ ነበር። እስከዚያ ድረስ የድርጅታቸው አባላት አሜሪካ ለመግባት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር። የወቅቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮንዶሊዛ ራይስ ራሳቸው ነገሩ እንደሚያሳፍር ተናግረዋል።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ መልስ አለው። "ያው ነው፤ ለአንዱ አሸባሪ፣ ለሌላው የነጻነት ታጋይ ነው" ይላል። ወሬውም እዚያ ላይ ያበቃል። እኔ ይህን አባባል አልወደውም። ስለ ስም አወጣጥ ከሆነ እውነት አለው። ስለ ተግባር ግን ምንም አይነግረንም። ማን ሞተ? ማን ገደለ? ሌላ መንገድ ነበር ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘጋቸዋል። የደቡብ አፍሪካን ጉዳይ የመረጥኩት ጥያቄዎቹ እዚያ ስላልተዘጉ ነው። ያሸነፈው ወገን እንኳ ሊዘጋቸው ሞክሮ አልቻለም።

ማመልከቻ የሚቀበል ሲጠፋ

የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ፣ ኤኤንሲ፣ የተመሠረተው በ1912 ነው። ለአርባ ዓመት ያህል ደብዳቤ ጻፈ፣ ልዑካን ላከ፣ አቤት አለ። በ1952 አባላቱ ሆን ብለው አግላይ ሕጎችን ጣሱ። ለነጭ ብቻ በተባለ በር ገቡ፣ ለነጭ ብቻ በተባለ ወንበር ተቀመጡ። ከ8 ሺህ በላይ ሰው ታሰረ። ድንጋይ እንኳ አልወረወሩም።

ማርች 21 ቀን 1960 ሻርፕቪል ላይ የሆነው ነገሩን ለወጠው። ጥቁር ሰው በገዛ አገሩ ሲንቀሳቀስ ፓስ የሚባል ደብተር መያዝ ነበረበት። ደብተሩ ከሌለው ይታሰራል። በዚያን ቀን ሰዎቹ ደብተራቸውን ትተው "እሰሩን" ብለው ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ተሰበሰቡ። ሰልፉን የጠራው ኤኤንሲ ሳይሆን ተፎካካሪው የፓን አፍሪካኒስት ኮንግረስ ነበር። ፖሊስ ተኮሰ። 69 ሰው መሞቱ ተመዘገበ። ብዙዎቹ የተመቱት ከጀርባቸው ነው፤ እየሸሹ ነበርና። በሚቀጥለው ወር መንግሥት ሁለቱንም ድርጅቶች አገደ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጠመንጃ ስለማንሳት ስንፈርድ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፦ አቤቱታ የሚቀበል በር ነበረ ወይ? በ1960 ደቡብ አፍሪካ ለጥቁሩ ድምፅ መስጠት የለም፣ ፓርቲ የለም፣ ሰልፍ የለም። በሩ ተንኳኩቶ ተንኳኩቶ ከውስጥ ተቸነከረ።

ዲሴምበር 16 ቀን 1961 የመጀመሪያዎቹ ፈንጂዎች ፈነዱ። ያፈነዳው አዲሱ ክንፍ ስሙ ኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ ይባላል፤ የሕዝብ ጦር ማለት ነው። ጦር ሲባል የሚወረወረው ነው፤ በኛ ቋንቋ ለሠራዊቱም ይሆናል። ቀኑም ታስቦበት ነው የተመረጠው። የነጭ ሰፋሪዎቹ ልጆች በ1838 ዙሉዎችን ያሸነፉበትን ድል የሚያከብሩበት ዕለት ነበር። የኤኤንሲው ፕሬዚዳንት አልበርት ሉቱሊ ደግሞ ከስድስት ቀን በፊት ኦስሎ ላይ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀብለው ነበር። አንድ ድርጅት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ የሰላም ሽልማትና ፈንጂ።

ደንቡ ግልጽ ነበር። የኤሌክትሪክ ምሰሶና የመንግሥት ቢሮ ይመታል፤ ሰው ግን አይነካም። የመጀመሪያው ሌሊት ሟች ከራሳቸው ወገን ነበር፤ ያጠመደው ፈንጂ የፈነዳበት ታጋይ። ማንዴላ በኋላ ፍርድ ቤት ቆመው ነገሩን ሲያስረዱ አራት ዓይነት የኃይል መንገድ እንዳዩ ተናግረዋል። ንብረት ማውደም፣ የሽምቅ ውጊያ፣ ሽብርና ግልጽ አብዮት። የመረጡት የመጀመሪያውን ነው። ምክንያታቸውም የሰው ሕይወት ስለማይጠፋበት ነገ ጥቁርና ነጭ አብረው ለመኖር የተሻለ ተስፋ ይሰጣል የሚል ነበር።

ልብ በሉ፤ ሽብርን በስሙ ጠርተውታል። ከሌላው ለይተው አስቀምጠውታል። በኋላ አሸባሪ የተባሉት ሰው መስመሩን ራሳቸው ቀድመው አስምረው ነበር።

አዲስ አበባ

ማንዴላ በጃንዋሪ 1962 ድንበር ተሻግረው በድብቅ ወጡ። ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ያመጣቸው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። አውሮፕላን አብራሪው ጥቁር መሆኑን ሲያዩ ድንጋጤ እንደያዛቸው በኋላ ጽፈዋል። "ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ያበራል?" የሚል ሐሳብ ነው የመጣባቸው። ከዚያ በራሳቸው አፈሩ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ዕድሜውን ሙሉ አፓርታይድን የታገለ ሰው ልብ ውስጥም አፓርታይድ ገብቶ ተቀምጦ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የነጻነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ላይ ተናገሩ። ንጉሠ ነገሥቱንም አዩ። ከዚያ በአህጉሩ ዞሩ። ሞሮኮ ውስጥ ያገኟቸው የአልጄሪያ ታጋዮች አንድ ትልቅ ነገር አስተማሯቸው፦ የትጥቅ ትግል ዓላማ ጠላትን በጦር ሜዳ መደምሰስ ላይሆን ይችላል፤ ወደ ድርድር ጠረጴዛ መግፋት ነው።

ሥልጠናው ኮልፌ ላይ ስድስት ወር እንዲቆይ ነበር የታሰበው። ተኩስ፣ ሞርታር፣ ፈንጂ መሥራትና ማጥመድ፣ ጓዝ ተሸክሞ ረጅም ጉዞ። ስለ ጦር አመራር ያስተማሯቸው ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። አዛዥ ግዳጅ ላይ ሲሆን ያዛል፤ ከግዳጅ ውጭ ግን ከተራው ወታደር እኩል ነው፤ የሚበላውን ይበላል። ማንዴላ ይህን ትምህርት ዕድሜያቸውን ሙሉ አልረሱትም።

ጥቂት ሳምንታት እንደሠለጠኑ ከአገር ቤት "ተመለስ" የሚል መልእክት ደረሳቸው። ኮሎኔሉ ሽጉጥና 200 ጥይት በስጦታ ሰጥተው ሸኟቸው። ሽጉጡን ኮታቸው ውስጥ፣ ጥይቱን ወገባቸው ላይ ታጥቀው ተጓዙ። በመንገዳቸው ዳሬሰላም ላይ 21 የአገራቸውን ልጆች አገኙ። ልጆቹ ለውትድርና ሥልጠና ወደ ኢትዮጵያ እየመጡ ነበር። ወታደራዊ ሰላምታ ሰጧቸው።

ሽጉጡ ጆሃንስበርግ አጠገብ ሪቮንያ በሚባል ሰፈር፣ ሊሊስሊፍ እርሻ ውስጥ ተቀበረ። በኋላ ብዙ ተፈልጓል፤ አልተገኘም። ማንዴላ ኦገስት 5 ቀን 1962 ሃዊክ ከተማ አጠገብ ተያዙ። ሹፌር መስለው ነበር የሚጓዙት፤ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል የሐሰት ስም።

ስሙን ማን ያወጣል?

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በ1964 በሪቮንያው ችሎት ዕድሜ ልክ ሲፈረድባቸው ማንዴላ በሽብር ሕግ አልተከሰሱም። የደቡብ አፍሪካ የሽብር ሕግ የወጣው በ1967 ነው። እሳቸው ሮበን ደሴት እስር ቤት ድንጋይ ሲፈልጡ ማለት ነው። ሕጉ ወደ ኋላ ተመልሶ ከጁን 1962 ጀምሮ እንዲሠራ ተደረገ። ትርጓሜውም እንደ ሰፊ መረብ የገባውን ሁሉ የሚይዝ ነበር። የመንግሥትን አስተዳደር ማሳፈር፣ በነጩና በሌላው ሕዝብ መካከል ጥላቻ ማነሳሳት፣ እነዚህ ሁሉ ሽብር ሊባሉ ይችላሉ። ንጹሕ መሆኑን የሚያስረዳው ደግሞ ተከሳሹ ነው። ፖሊስ የጠረጠረውን ሰው ያለ ክስ ላልተወሰነ ጊዜ ማሰር ይችላል። ስቲቭ ቢኮ የተያዘው በዚህ ሕግ ነው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1977 በደረሰበት ድብደባ በእስር ላይ እያለ ሞተ። ቦምብ አልወረወረም። ወንጀሉ ጥቁር ሰው ራሱን እንዳይንቅ ማስተማሩ ነበር።

ሽብር ማለት ሰላማዊ ሰውን በፍርሃት ማንበርከክ ከሆነ በዚያ አገር ትልቁ አሸባሪ መንግሥቱ ነበር። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። በ1982 ጋዜጠኛና ምሁር የነበሩት ሩት ፈርስት ማፑቶ ውስጥ በፖስታ በተላከላቸው ቦምብ ተገደሉ። ላኪው የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ ነው። በኦገስት 1988 ጆሃንስበርግ ውስጥ የአብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ዋና መሥሪያ ቤት የነበረው ኮትሶ ሃውስ በቦምብ ፈረሰ። መንግሥት ወዲያው "ኤኤንሲ ነው" አለ። ከዓመታት በኋላ ግን የፖሊስ ሚኒስትር የነበሩት አድሪያን ቭሎክ ያስፈነዳው ፖሊስ መሆኑን አመኑ። አሸባሪ እያለ ሌላውን የሚከሰው እጅ፣ ያው ቦምቡን ያጠመደው እጅ ነበር።

በዚሁ ጊዜ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር በ1987 ቫንኩቨር ላይ ኤኤንሲን ዓይነተኛ አሸባሪ ድርጅት ብለው ጠሩት። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴርም በ1988 ባወጣው የአሸባሪ ቡድኖች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ቀዝቃዛው ጦርነት ነበር። ኤኤንሲ ከሞስኮ መሣሪያ ይቀበላል፤ ፕሪቶሪያ ደግሞ የምዕራቡ ወዳጅ ናት። ስሙን ያወጣው ይህ ወዳጅነት ነው።

አሁን ከባዱ ክፍል

እስካሁን ያወራሁት ማንንም አያስቸግርም። ሁላችንም ከማንዴላ ጎን ነን። ታሪኩ እዚህ ቢቆም ኖሮ "ስማቸውን አጠፉት፤ እሳቸው ግን ንጹሕ ነበሩ" ብለን በሰላም እንተኛ ነበር። አይቆምም።

ሜይ 20 ቀን 1983፣ ዕለቱ ዓርብ፣ ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት። ፕሪቶሪያ ቸርች ጎዳና ላይ፣ የአየር ኃይሉ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ ፈንጂ የተጫነች መኪና ፈነዳች። ካሰቡት ሰዓት ቀድማ ነው የፈነዳችው። 19 ሰው ሞተ፤ ሁለቱ መኪናዋን ያመጡት ታጋዮች ናቸው። ከ200 በላይ ቆሰሉ። ወታደሮች ነበሩበት፤ ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ተራ ሰዎችም ነበሩበት።

ይህ የሆነው ኤኤንሲ የጄኔቫ ስምምነቶችን አከብራለሁ ብሎ ከፈረመ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ኦሊቨር ታምቦ በኖቬምበር 1980 ነበር የፈረሙት። የነጻነት ንቅናቄ ሆኖ እንዲህ ያለ ቃል መግባት ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ነው መመዘን ያለባቸው በራሳቸው ቃል የሆነው።

ማንዴላ ከእስር ቤት ዜናውን ሲሰሙ በሟቾቹ ብዛት እጅግ እንደዘገነናቸው ጽፈዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለ አደጋ የትጥቅ ትግል የማይቀር ውጤት መሆኑን አውቅ ነበር ይላሉ። እኔ ማንዴላን ከልቤ ነው የማከብራቸው። ይህ መልሳቸው ግን አያጠግበኝም። በሥራ መውጫ ሰዓት በሰው በተጨናነቀ ጎዳና ላይ የቆመች የፈንጂ መኪና፣ የምትገድለውን ሰው ልትመርጥ አትችልም። ያቆማትም ሰው ይህን ያውቃል። አደጋ የሚለው ቃል ለዚህ ይጠብበታል።

ከዚያ ሌሎች ተከተሉ። በዲሴምበር 1985 ከፈረንጆቹ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው አማንዚምቶቲ በሚባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አንድ የ19 ዓመት ወጣት የገበያ ማዕከል ውስጥ ፈንጂ አኖረ። አምስት ሰው ሞተ፤ ሕፃናትም ነበሩ። ወጣቱ ያን ያደረገው የደቡብ አፍሪካ ጦር ሌሶቶ ገብቶ ዘጠኝ ሰው በገደለ በቀናት ውስጥ ነው። ለበቀል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ተሰቀለ። በ1986 ደርባን ባሕር ዳር አንድ መጠጥ ቤት ላይ በፈነዳ መኪና ሦስት ሴቶች ሞቱ። በገጠር መንገድ የተቀበረ የተሽከርካሪ ፈንጂ የእርሻ ሠራተኞችንም ገደለ። ኤኤንሲ ራሱ ሰላማዊ ሰው እያለቀ ነው ብሎ ይህን ፈንጂ ማጥመድ አቆመ። አንጎላ ውስጥ ኳትሮ በሚባለው ካምፕ ደግሞ የራሱን ልጆች በሰላይነት ጠርጥሮ አሰረ፣ ገረፈ፤ የሞቱም አሉ።

የ1961ዱ ደንብ "ሰው አይነካም" ይል ነበር። ድርጅቱ ያው ነው። ዓላማውም አልተለወጠም፤ ትክክል ነበር፣ ትክክል ሆኖ ቆየ። እጁ ግን ሌላ ቦታ ደርሶ ነበር። "አሸባሪ ወይስ ታጋይ?" የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይሰናከላል። በሁለት ሰዎች ወይም በሁለት ድርጅቶች መካከል ያለ ድንበር እንፈልጋለን። ድንበሩ ግን በአንድ ድርጅት ውስጥ ያልፋል። አንዳንዴም በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ፣ በሰኞና በማክሰኞ መካከል።

በ1985 መጀመሪያ የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ፒ ደብሊው ቦታ ለማንዴላ "አመፅን ያለ ቅድመ ሁኔታ ካወገዝክ ትፈታለህ" የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ማንዴላ እምቢ አሉ። መልሳቸውን ልጃቸው ዚንዚ ሶዌቶ ስታዲየም ውስጥ ለሕዝብ አነበበች። ፍሬ ነገሩ፦ ቦታ ራሳቸው አመፅን ያውግዙ፤ እስረኛ ውል አይዋዋልም፣ የሚደራደረው ነጻ ሰው ነው። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከማንዴላ ጋር ነኝ። በየቀኑ የሚተኩሰው ወገን ለታሰረው "አንተ ብቻ ዱላህን ጣል" ሊለው አይችልም።

ሚዛኑን የያዘው ኮሚሽን

አፓርታይድ ወደቀ። በ1994 ምርጫ ተደረገ። በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የሚመራው የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ሥራ ጀመረ። ገዳይም የሟች ቤተሰብም ከሁሉም ወገን ቀረበ። የቸርች ጎዳናውን ጥቃት የመሩት ሰው ቀርበው አስረዱ። በዚያ ፍንዳታ ዓይኑን ያጣ የአየር ኃይል ባልደረባ አዳራሹ ውስጥ ነበር። እጁን ዘርግቶ ጨበጣቸው፤ ቂም እንደሌለው ነገራቸው። በኋላ ምሕረት ተሰጣቸው።

ኮሚሽኑ በኦክቶበር 1998 ሪፖርቱን ሊያወጣ ሲል ኤኤንሲ ፍርድ ቤት ሄደ። በዚያን ጊዜ ገዥው ፓርቲ ነው። ሪፖርቱ ስለኛ የሚለው ክፍል ይታገድ አለ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ቱቱ በጣም ነው ያዘኑት። ትናንት የተጨቆነ ዛሬ ጨቋኝ ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ። ፕሬዚዳንት ማንዴላ ግን ሪፖርቱን ከነጉድለቱ እንዳለ ተቀበሉ። ፓርቲያቸው ሲከስ እሳቸው ተቀበሉ። ለእኔ ከ27 ዓመት እስራቸው ባልተናነሰ ይህ ትልቅነታቸውን ያሳየኛል።

ሪፖርቱ ምን አለ? አፓርታይድ በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ነው አለ። ኤኤንሲ ያካሄደው ትግል ፍትሐዊ ጦርነት ነው አለ። በዚያ ፍትሐዊ ጦርነት ውስጥ ግን ኤኤንሲ ከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰት ፈጽሟል አለ። ሁለቱን ወገኖች እኩል አላደረገም። ኤኤንሲን ከገዳዩ መንግሥት ጋር አላቆራኘውም። ግን ዓላማህ ቅዱስ ነው ብሎ የገበያ ማዕከሉን ሕፃናት አልረሳም። ለምን ተዋጋህ የሚለውን በአንድ መዝገብ፣ እንዴት ተዋጋህ የሚለውን በሌላ መዝገብ ጻፈ።

እኛ አገር ይህ ሁለተኛው መዝገብ ብዙ ጊዜ አይከፈትም። ሰኔ 2003 ዓ.ም. ፓርላማችን ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት ሰባትን አሸባሪ ብሎ ፈረጀ። በ2010 ዓ.ም. ፍረጃውን አነሳ። ሕወሓትን በ2013 ዓ.ም. ፈርጆ በ2015 ዓ.ም. አነሳ። እጅ ይወጣል፣ ይቆጠራል፣ ስሙ ይለወጣል። ስሙ ሲለወጥ ግን የሞተው ሰው ቤተሰብ "ልጄን ማን ገደለው?" ብሎ የጠየቀው ጥያቄ አብሮ ይቀበራል። ቋንቋችን ይህን ነገር ድሮ ያውቀዋል። ጣሊያን ሽፍታ ያላቸውን እኛ አርበኛ አልናቸው። በላይ ዘለቀን ጣሊያን በሽፍትነት ሲያሳድደው ኖረ፤ በ1937 ዓ.ም. የሰቀለው ግን የራሱ አገር መንግሥት ነው።

ከዚህ ሁሉ የኮሎኔል ታደሰ ብሩን ነገር ሳልናገር አላልፍም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን የቆሙ መኮንን ናቸው። በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል ሆኑ። የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርን ሲቀላቀሉ ግን መንግሥት ዓይኑን ጣለባቸው። በ1959 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ ቤት ቦምብ ፈነዳ፤ እሳቸውም ታሰሩ። ሞት ተፈረደባቸው፤ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረላቸው፤ ገለምሶ ተጋዙ። አብዮቱ ሲመጣ ተፈቱ። ብዙም ሳይቆዩ ጫካ ገቡ። ደርግ ይዞ መጋቢት 1967 ዓ.ም. ረሸናቸው። በአንድ ዕድሜ የመንግሥት ባለሟል፣ የነጻነት ታጋዮች አሠልጣኝ፣ የሞት ፍርደኛና ሽፍታ ተባሉ።

ተማሪያቸው ያኔ ገና ሮበን ደሴት ነበሩ። ከእስር በወጡበት ዓመት፣ በ1990፣ አዲስ አበባ መጡ። በክብር የተቀበላቸው መምህራቸውን የረሸነው መንግሥት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ኮልፌ አለ። ኮሎኔል ታደሰም አሉ፤ አዛዥ ከወታደሩ እኩል ይበላል ብለው ያስተማሩ፣ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተው የሸኙ።